ፌሮዜሻህ መህታና የቦምቤይ ከተማ ምክር ቤት፦ የወረዳ ውክልና ታሪክ በአንድ ሰው የሕይወት መንገድ

መግቢያ

የአንድ ትልቅ ከተማ የወረዳ ካርታ ሲታይ የጎዳናና የሰፈር ወሰን ብቻ የያዘ ይመስላል። ከካርታው በስተ ጀርባ ግን ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ከነዋሪዎቹ መካከል በመራጭነት የሚቆጠረው ማን ነው? የተመረጠውስ ሰው ምክር ቤት ከገባ በኋላ ምን የማዘዝ ሥልጣን አለው? እነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ቢታዩም መልሳቸው በየፊናው ሊሄድ ይችላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን በዛሬዋ ሙምባይ፣ በቀድሞዋ ቦምቤይ፣ ታሪክ ይመረምራል። መንገዱም ከአርባ ዓመታት በላይ ከከተማዋ ምክር ቤት ያልተለዩት የሰር ፌሮዜሻህ መርዋንጂ መህታ ሕይወት ነው።

መህታ በሕንድ ታሪክ ጽሑፎች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቁት በብሔራዊ ኮንግረስ መሪነታቸው ነው። በከተማቸው ግን መታሰቢያቸው ሌላ ነው፤ ሐውልታቸው የቆመው ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ጽሑፉ የሚከራከረው፣ በመህታ ዘመን ምክር ቤቱ ሥልጣኑን እያሰፋ ሲሄድ ከወረዳ በሚመረጡ ሰዎች የሚያዘው ድርሻ ግን ከግማሽ እንዳላለፈ፣ ይህም አለመመጣጠን በመጨረሻ መህታን ራሳቸውን ለአደጋ እንዳጋለጠ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና የዘመኑ ከተማ

መህታ ኦገስት 4 ቀን 1845 ከነጋዴ የፓርሲ ቤተሰብ በቦምቤይ ተወለዱ። በከተማዋ ኤልፊንስተን ኮሌጅ ተምረው በ1864 ተመረቁ። ከዚያም ከአንድ ባለጠጋ የፓርሲ ቤተሰብ በተገኘ የትምህርት ድጎማ ወደ ለንደን ተሻግረው በሊንከንስ ኢን ሕግ አጠኑ፤ በ1868 በጠበቃነት ተመዝግበው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በለንደን ቆይታቸው ከዳዳብሃይ ናኦሮጂ ጋር ተዋውቀዋል፤ ይህ ትውውቅ ለኋላ የፖለቲካ ሕይወታቸው ስንቅ ሆኗቸዋል።

ወጣቱ ጠበቃ ሲመለሱ የጠበቀቻቸው ቦምቤይ በብዙ መልኩ የተለወጠች ነበረች። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት የጥጥ ዋጋ በመናሩ ከተማዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ሀብት አካብታ ነበር። በ1865 ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ዋጋው ወደቀ፤ በአክሲዮን ግዢ ተስፋ ያደረጉ ብዙ ነጋዴዎችም ከሰሩ። በዚያው ዓመት ደግሞ የከተማዋ አስተዳደር በአዲስ ሕግ ተዋቀረ።

የ1865ቱ ሕግና የኮሚሽነሩ ዘመን

በ1865ቱ ሕግ መሠረት የከተማዋ አካል ሆነው የተሰየሙት የሰላም ዳኞች የሚባሉት ሰዎች ነበሩ። እነዚህ በመንግሥት የሚሾሙ፣ ደመወዝ የማይቈረጥላቸው የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች ሲሆኑ፣ እንግሊዛውያን ሹማምንትና ነጋዴዎች እንዲሁም የሕንዳውያን ማኅበረሰቦች ባለጠጎች ይገኙባቸው ነበር። ማንም አልመረጣቸውም። የዕለት ተዕለት ሥራው በሙሉ መንግሥት በሚሾመው ኮሚሽነር እጅ ነበር።

የመጀመሪያው ኮሚሽነር አርተር ክሮፎርድ ብርቱ ሠራተኛ ነበሩ። መንገዶችን አስፋፉ፤ የቆሻሻ ማስወገጃውን ሥራ አደራጁ፤ በስማቸው የተጠራውን ትልቅ የገበያ አዳራሽ አሠሩ። ወጪው ግን ከገቢው እየበለጠ ሄደ። የሰላም ዳኞቹ ኮሚሽነሩን የሚቈጣጠሩበት የተደራጀ መንገድ ስላልነበራቸው የገንዘቡ ሁኔታ ጎልቶ የታየው ጉድለቱ ከተከማቸ በኋላ ነበር። በ1870 እና በ1871 ግብር ከፋዮች ተቃውሞ አነሡ፤ ቁጣቸውም በአብዛኛው በክሮፎርድ ላይ ያነጣጠረ ነበር።

የ1871 ክርክርና የ1872ቱ ሕግ

መህታ በከተማዋ ጉዳይ ላይ ስማቸው የተጠራው በዚህ ጊዜ ነው። በ1871 መጨረሻ ላይ በፍራምጂ ካዋስጂ ተቋም አዳራሽ ባቀረቡት ጽሑፍ ብዙዎች ያልጠበቁትን አቋም ያዙ። ክሮፎርድ ለከተማዋ የሠሩትን ዘርዝረው ተከላከሉላቸው፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የአሠራሩ ነው ሲሉም አስረዱ። ተሰብሳቢው በተቃውሞ ጩኸት ቢቀበላቸውም ሐሳባቸውን አልለወጡም።

ሐሳባቸው ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው፣ አስፈጻሚነቱ ለአንድ ኃላፊ ሰው ይሰጥ የሚል ነው፤ ሥራው ለብዙ ሰዎች ጉባኤ ቢከፋፈል ኃላፊነቱ የማንም እንደማይሆን ያምኑ ነበር። ሁለተኛው፣ ያ ሰው በግብር ከፋዮች በተመረጠ ምክር ቤት ቁጥጥር ሥር ይሁን፤ በጀቱንም ከምክር ቤቱ የሚወጣ አነስተኛ ጉባኤ ይመርምር የሚል ነው። በዚህ አመለካከት የክሮፎርድ ዘመን ችግር የኮሚሽነሩ ኃይል መብዛት ሳይሆን ሒሳብ የሚጠይቀው የተመረጠ አካል አለመኖሩ ነበር። የሕዝቡ ቁጣ ሹሙን ሲፈልግ እርሳቸው ደንቡን አዩ።

በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ በመዋቅሩ ከዚህ ሐሳብ ጋር ተቀራራቢ ሆነ። የ1872ቱ ሕግ 64 አባላት ያሉት ምክር ቤት አቋቋመ። ከእነዚህ 16ቱን መንግሥት ይሾማል፤ 16ቱን የሰላም ዳኞች ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ ቀሪዎቹን 32ቱን ግብር ከፋዮች ይመርጣሉ። ከዚህ ምክር ቤት ሥር ገንዘቡን የሚከታተል 12 አባላት ያሉት የከተማ ጉባኤ ተቋቋመ። በ1873 የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ ከከተማዋ ምክር ቤት መቀመጫዎች ግማሹ በመራጮች ድምፅ ተያዘ። በብሪታንያ ሕንድ ለነበረ ትልቅ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ መራጩ ማን እንደ ነበረ መመልከት ያሻል። በ1872 የሕዝብ ቆጠራ የቦምቤይ ነዋሪ 644,405 ነበር። ለመምረጥ ግን በዓመት ቢያንስ 50 ሩፒ የማዘጋጃ ቤት ግብር መክፈል ይጠይቅ ነበር። ይህ ገደብ እጅግ አብዛኛውን ነዋሪ ከምርጫው ውጭ አስቀረ።

የ1888ቱ ሕግ

ከ1873 በኋላ በነበሩት ዓመታት መህታ የጥብቅና ሥራቸውን ከምክር ቤት ሥራቸው ጋር አስተባብረው ያዙ። በ1884 እና በ1885 የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ይህ ክብር በ1905 እና በ1911 ደግሞ ተሰጥቷቸዋል። በጥር 1885 ከካሺናት ትሪምባክ ቴላንግና ከባድሩዲን ታያብጂ ጋር የቦምቤይ ፕሬዚደንሲ ማኅበርን መሠረቱ። አንዱ ሂንዱ፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ፓርሲ የሆኑት እነዚህ ሦስት የሕግ ሰዎች በከተማዋ የፖለቲካ ሕይወት ውስጥ አንድ ላይ የሚጠሩ ሆኑ።

በ1882 የሕንድ አገረ ገዥ ሎርድ ሪፐን የአካባቢ ራስ አስተዳደር እንዲስፋፋ የሚያዝዝ ውሳኔ አውጥተው ነበር። በዚህ መንፈስ የቦምቤይ ሕግ እንዲሻሻል ተፈለገ። የመጀመሪያው የመንግሥት ረቂቅ ወደ ኮሚሽነሩ ሥልጣን ያጋደለ ነበር። መህታና ቴላንግ ሁለቱም በዚያ ጊዜ በግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባልነት ተሹመው ስለ ነበር፣ ረቂቁ በእነርሱ ተሳትፎ ብዙ ተለወጠ። በገዥው በሎርድ ሬይ ዘመን በ1888 የጸደቀው የቦምቤይ ማዘጋጃ ቤት ሕግ፣ ብዙ ጊዜ እየተሻሻለ፣ እስከ ዛሬ የከተማዋ መተዳደሪያ ነው።

ሕጉ የከተማዋን አስተዳደር የሚያከናውኑ ሦስት አካላትን ሰየመ፤ እነርሱም ምክር ቤቱ፣ ቋሚ ኮሚቴውና ኮሚሽነሩ ናቸው። የበላይነቱን ለምክር ቤቱ ሰጠ። ከቋሚ ኮሚቴው 12 አባላት ስምንቱን ምክር ቤቱ፣ አራቱን መንግሥት እንዲሰይም አደረገ። ኮሚሽነሩን አሁንም መንግሥት ይሾማል፤ ነገር ግን 45 የምክር ቤት አባላት ድምፅ ከሰጡበት ከሥልጣኑ ይነሣል። መህታ በ1871 የዘረዘሩት አሠራር በዚህ መልክ ሙሉ ቅርጽ አገኘ።

የመቀመጫው አከፋፈል ግን ትኩረት ይሻል። የአባላቱ ቁጥር ወደ 72 ከፍ አለ። ከእነዚህ 36ቱ ከወረዳዎች ይመረጣሉ፤ 16ቱን የሰላም ዳኞች፣ ሁለቱን የዩኒቨርሲቲው አባላት፣ ሁለቱን የንግድ ምክር ቤት ይመርጣሉ፤ 16ቱን መንግሥት ይሾማል። ከ64 መካከል 32፣ ከ72 መካከል 36፤ በሁለቱም ሕጎች የግብር ከፋዮች ተወካዮች ድርሻ በትክክል ግማሽ ነው። በ16 ዓመት ውስጥ የምክር ቤቱ ሥልጣን አደገ፤ የመራጩ ድርሻ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

የመራጭነት ገደቡ ወደ 30 ሩፒ ዝቅ ብሎ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንም እንዲመርጡ ተፈቀደ። ይህ የተማረውን መካከለኛ መደብ ወደ ምርጫው አስገባ። የሠራተኛውን ሰፈር ግን አልነካም፤ ምክንያቱም በግብሩ ባሕርይ ውስጥ ይገኛል። ዋናው የማዘጋጃ ቤት ግብር የተጣለው በቤት ላይ ነበርና ከፋይ ሆኖ የሚመዘገበው ባለቤቱ ነው። ከተማዋ በላቲን ፊደላት ከኤ እስከ ጂ በተሰየሙ ሰባት ወረዳዎች ስትከፈል፣ የጥጥ ፋብሪካዎቹ የበረከቱት በሰሜኖቹ ወረዳዎች ነበር። በዚያ ሠራተኛው በቻል ውስጥ፣ ማለትም ለብዙ ቤተሰብ በተከፋፈለ ባለ ፎቅ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ክፍል ይኖራል። በሚከፍለው ኪራይ ውስጥ የቤቱ ግብር ቢኖርበትም በመዝገቡ ላይ ስሙ የለም። ወረዳው ተወካይ ነበረው፤ አብዛኛው የወረዳው ነዋሪ ግን መራጭ አልነበረም።

ምክር ቤቱ በሥራ ላይ

የ1888ቱ ሕግ ምክር ቤቱን ለከፍተኛ ፖለቲካ መወጣጫ አደረገው። የ1892ቱ የሕንድ ምክር ቤቶች ሕግ ሲወጣ የቦምቤይ ከተማ ምክር ቤት ለግዛቱ ሕግ አውጪ አካል አንድ ተወካይ የመምረጥ መብት አገኘ፤ የመረጠውም መህታን ነበር። ከዚያም ወደ ማዕከላዊው የሕግ አውጪ ምክር ቤት ተሻገሩ። በ1890 በካልካታ የተደረገውን የኮንግረስ ጉባኤ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ በ1904 ደግሞ የሰርነት ማዕርግ አገኙ። ይህ ሁሉ ሲሆን የከተማ ምክር ቤት ወንበራቸውን አልለቀቁም።

በምክር ቤቱ ካካሄዷቸው ክርክሮች መካከል ረጅሙ የፖሊስ ወጪ ነው። ከተማዋ ለፖሊስ ደመወዝ ገንዘብ ታዋጣ ነበር፤ ፖሊሱን ግን የሚያዝዘው መንግሥት ነው። መህታ ገንዘብ የሚከፍል አካል የማያዝዝበትን ሥራ መሸከም የለበትም የሚል አቋም ይዘው ለዓመታት ተሟገቱ። በ1907 በወጣው ሕግ መንግሥት የፖሊስን ወጪ ሲረከብ፣ ምክር ቤቱ በምትኩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትንና የሕክምናን ኃላፊነት ተቀበለ። በዚህ መሠረት ከምርጫ ውጭ የነበረው ሕዝብ ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤትና የሚታከምበትን ሥፍራ ከምክር ቤቱ እጅ ይጠብቅ ጀመር።

በተቃራኒው በ1896 ወረርሽኝ ወደ ከተማዋ ሲገባ የውክልናው ደካማ ጎን ተገለጠ። የተጨናነቁትን ሰፈሮች ለማፍረስና መልሶ ለመገንባት መንግሥት በ1898 የከተማ ማሻሻያ ባለአደራ ቦርድ አቋቋመ። ቦርዱ ከምክር ቤቱ ውጭ የቆመ አካል ሲሆን ምክር ቤቱ ከቦርዱ አባላት ጥቂቶቹን ብቻ ይመርጥ ነበር። ቤታቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች በምክር ቤቱ ምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ምክር ቤቱም በቦርዱ ላይ የበላይነት አልነበረውም።

የ1907 ምርጫ

የመህታ ተሰሚነት እያደገ በሄደ መጠን ምክር ቤቱን በአንድ ሰው ፈቃድ ሥር አድርገውታል የሚል ወቀሳ ከእንግሊዛውያን ሹማምንትና ከጋዜጠኞች ወገን ተነሣ። በ1907 መጀመሪያ አንድ ቡድን ከምክር ቤቱ ሊያስወግዳቸው ተደራጀ። በቡድኑ ውስጥ የግዛቱ ዋና ሒሳብ ሹም፣ የፖሊስ ኮሚሽነሩና የታይምስ ኦቭ ኢንዲያ ጋዜጣ አዘጋጅ ይገኙበት ነበር።

ቡድኑ የመረጠው የውጊያ ሜዳ የወረዳ ምርጫ አልነበረም፤ የሰላም ዳኞቹ 16 መቀመጫ ነበር። መህታ በዚያ ምርጫ የቆሙት በዚህ በኩል ነው። መራጮቹ በመንግሥት የተሾሙና ጥቂት በመሆናቸው፣ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ሹማምንት ስለ ነበሩ ድምፃቸውን በአንድ ዝርዝር ላይ ማሰባሰብ አስቸጋሪ አልሆነም። ውጤቱ ሲነገር የቡድኑ 16 ዕጩዎች በሙሉ አለፉ፤ መህታ 17ኛ ሆኑ። ለግብር ከፋዮች የመምረጥ መብት ከ36 ዓመት በፊት የተከራከሩት ሰው፣ ግብር ከፋዩ በማይደርስበት ምርጫ ወደቁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ካለፉት ዕጩዎች አንዱ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሥራ ውል ስለ ነበረው ምርጫው ተሰረዘ፤ ቀጣዩን ድምፅ ያገኙት መህታም ወንበሩን ያዙ። በከተማዋ የቡድኑን አድራጎት የሚያወግዝ ትልቅ ሕዝባዊ ስብሰባ ተደረገ። የመህታ ዝና ከበፊቱ ይበልጥ ጨመረ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ክንውን በአብዛኛው እንደ አንድ ሰው ድል ይተርኩታል። በውክልና ታሪክ ዐይን ሲታይ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የ1888ቱ ሕግ ከወረዳ ውጭ ያስቀረው ግማሽ ምን ያህል ለሹማምንት እጅ ቅርብ እንደ ነበረ በግልጽ የታየው በዚህ ምርጫ ነው። በተጨማሪም የመህታ መመለስ የተገኘው ከመራጩ ሥልጣን ሳይሆን ከሕጉ የጥቅም ግጭት ድንጋጌ ነው። እርሳቸው የደከሙለት ሥርዓት በአንድ በር አስወጣቸው፤ በሌላ በር አስገባቸው።

ከመህታ በኋላ

መህታ ኖቬምበር 5 ቀን 1915 በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያን ጊዜ የቦምቤይ ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር፤ የ1911 ቆጠራ 979,445 ነዋሪ መዝግቧል። የምክር ቤቱ አወቃቀር ግን የ1888ቱ እንደ ሆነ ነበር። ለውጡ የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

በ1922 የተደረገው ማሻሻያ የአባላቱን ቁጥር ወደ 106 አሳደገ፤ ከእነዚህ 76ቱ ከወረዳ የሚመረጡ ሆኑ። የሰላም ዳኞች መቀመጫ ተሰረዘ። በወር 10 ሩፒ ኪራይ የሚከፍል ተከራይም መራጭ እንዲሆን ተፈቀደ። የወረዳ ተወካዮች ድርሻ ከግማሽ ወደ 72 ከመቶ ገደማ ከፍ ሲል፣ የመራጭነት መለኪያውም ከቤት ባለቤትነት ወደ ነዋሪነት ማዘንበል ጀመረ። በ1948 ከነጻነት በኋላ የተደረገው ምርጫ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ ድምፅ የሰጠበት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የታየው ለውጥ በአብዛኛው የወሰን ነው። ከተማዋ በ1950 እና በ1957 ወደ ሰሜን ዳርቻዋ ተስፋፋች፤ የምክር ቤቱ አባላት ቁጥርም ደረጃ በደረጃ አድጎ በ2002 ምርጫ 227 ደረሰ። እያንዳንዱ አባል ከአንድ የምርጫ ቀጠና ይመረጣል፤ እነዚህ ቀጠናዎች በመህታ ዘመን እንደነበሩት በፊደላት ከሚጠሩት የአስተዳደር ወረዳዎች የተለዩ ናቸው። በ1992 የወጣው 74ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሴቶች ቢያንስ አንድ ሦስተኛ መቀመጫ እንዲጠበቅ አዘዘ፤ የማሃራሽትራ ግዛት በ2011 ይህን ወደ ግማሽ አሳደገው።

ይሁንና የ1871ዱ ጥያቄ በቅርቡም ተመልሶ መጥቷል። በ2021 የቀጠናዎቹ ቁጥር ወደ 236 ከፍ እንዲል ተወስኖ በ2022 ወደ 227 ተመለሰ። በዚህ ውዝግብና ለኋላ ቀር መደቦች ስለሚጠበቀው መቀመጫ በተነሣው የፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት፣ የምክር ቤቱ ዘመን በመጋቢት 2022 ሲያበቃ ምርጫው በጊዜው አልተደረገም። ከሦስት ዓመት በላይ ከተማዋ የተዳደረችው መንግሥት በሾመው ኮሚሽነር ብቻ ነበር። በ1865ቱ ሕግ ኮሚሽነሩን ሒሳብ የሚጠይቅ የተመረጠ አካል አልነበረም፤ በእነዚያም ዓመታት እንዲሁ አልነበረም።

ማጠቃለያ

የመህታ ሕይወት የሚያስረዳው የከተማ ውክልና በሁለት መንገድ እንደሚያድግ ነው። አንዱ የተመረጠው አካል ሥልጣን ነው፤ ሌላው የመራጩ ስፋት ነው። መህታ በመጀመሪያው መንገድ ሩቅ ሄደዋል። ገንዘቡን የሚቈጣጠር፣ ኮሚሽነሩን ሊያነሣ የሚችል፣ ትምህርትና ሕክምና የሚያስተዳድር ምክር ቤት እንዲኖር የደከሙት ድካም ፍሬ አፍርቷል፤ በኋላ ድምፅ ያገኘው ሕዝብ ባዶ ጉባኤ አልጠበቀውም። በሁለተኛው መንገድ ግን የዘመናቸው ሕጎች ከግማሹ መቀመጫና ከግብር መዝገቡ አላለፉም። የ1907 ምርጫ እንዳሳየው፣ ሥልጣኑ የሰፋ መሠረቱ ግን የጠበበ ምክር ቤት በጥቂት ሰዎች ስምምነት ሊናጋ ይችላል።

ስለዚህ የከተማ ወረዳዎችን ታሪክ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የወሰን ካርታዎችን ከግብር መዝገቦችና ከቤት ይዞታ ሁኔታ ጋር አጣምረው ቢመረምሩ ይጠቅማል። በቦምቤይ ከ1873 እስከ 1922 ድረስ መራጩን ካልመራጩ የለየው መሥመር የወረዳ ወሰን አልነበረም። በባለቤቱና በተከራዩ መካከል፣ በአንዱ ቻል ጣሪያ ሥር ያልፍ ነበር።